አሥራ አራት ሸማኔ፣ ሰባት ደብር

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም እንዳላማው፣ ቁይ

እንደምን ከርመሻል? ተማሪዎችሽስ እንደምን ናቸው? እኔ ጤናዬን የምከስበት ነገር የለኝም። ደብዳቤሽን ማክሰኞ ዕለት የአውቶቡሱ ረዳት አምጥቶ ሰጠኝ። ያንቺ ፊደል እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚሮጥ አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቢሆንም አንብቡልኝ ብዬ ሰው አላስቸገርኩም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተፈትኜ ወረቀት የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ ልጄ የጻፈችልኝን ጎረቤት አያነብልኝም።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ በስልክ አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። በወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ።

ስለ ሼዱ ጠይቀሽኛል። እዚህ ያሉት ክላስተር ይሉታል። እኔ እንዳየሁት አሥራ አራት ሸማኔ አንድ ቆርቆሮ ሥር መሰብሰቡ ነው። ከሮብ ገበያ በኩል የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ከደምበጫ፣ ከቁይ፣ ከዚሁ ከማርቆስ ዙሪያ ነው። ሊቀ መንበራችን ደመላሽ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔን ወደዚህ ለማምጣት አብሮሽ የመከረብኝ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወሬ ግን ያበዛል። በግራዬ የተቀመጠው ጌታሰው ይባላል፤ የደምበጫ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። እጁ ፈጣን ነው። ጠርዙ ግን እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመምበታል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺም "አላልኩህም ወይ" እንዳትይኝ። ቤቴ ሳለሁ አንድ ጋቢ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው ነበር። ይህን በስንፍና አትቁጠሪብኝ። ሮብ ለክር ገበያ ስወጣ አንድ ቀን ይሄዳል። እናትሽ ያለምወርቅ ካረፈች ወዲህ ማጉን በቀሰም የምጠመጥመው እኔው ስለሆንኩ በዚያ ሁለት ቀን ይሄዳል። ድር ለማድራት ችካል ተክዬ፣ ክር ይዤ ከዳር እዳር ስመላለስ እውላለሁ፤ ይኸውም አንድ ቀን ነው። መወርወሪያዬ ቢሰነጠቅ ደግሞ አናጢው ያለው እዚህ ማርቆስ ነው። እዚህ ክሩ በር ላይ ነው። ማግ የሚጠመጥሙት ሴቶች ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ስድስት ሰው ሆነን የሦስት ሰው ድር ቁርስ ሳይደርስ እናደራለን። አናጢውን ቁጭ እንዳልኩ ብጣራ ይሰማኛል። ጋቢውን የምትገዛን ነጋዴም አሥራ አራት ቤት ከመዞር አንድ በር ማንኳኳት ይቀላታል። እናም አንዱ ጋቢ በአምስት ቀን ያልቃል። ድሬም እንደ ቤቱ አይበጣጠስብኝም፤ የከተማ ክር ጠንካራ ነው መሰለኝ።

ይህን ስልሽ ወደድኩት ማለቴ አይደለም። አሥራ አራት ሰው ባንዴ ሲመታ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል፤ ጆሮ ያደነቁራል። ደግሞም የገባነው ለሙከራ ነው። ነጋዴዋ ለገና ገበያ የሚሆን መቶ አሥር ጋቢ አዛለች፤ እስከ ኅዳር ሠላሳ እንድናስረክብ። ካደረስን ሼዱ ይጸናልናል። ካላደረስን ለሌላ ማኅበር ይሰጥና እያንዳንዳችን ወደየመጣንበት ነው። ለእኔ ያው ነው። ቤት አለኝ፣ የሽመና ዕቃም አለኝ።

ስለ ምግቤ አትጨነቂ፤ ጾሜን አላድርም። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ደብዳቤ ሲመጣ ከትከሻሽ በላይ ሆኖ ማንበቡን ግን ይተው።

አባትሽ እንዳላማው ፈንታ


ቁይ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤ ከላይ ያነባል የተባለው ሰውም አፍሮ ሰላምታውን አቅርቧል።

በጥቅምት ስምንቱ ደብዳቤዎ ስለ ዝናቡ ማባራት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ አናጢው ሳል ሳይቀር ጽፈውልኛል። መጨረሻ ላይ "ሌላ አዲስ ነገር የለም" ብለዋል። ትናንት ግን ደመላሽ ደወለልኝ። ሼዱ ውስጥ ሥራ ቶሎ ቶሎ እየቆመ ነው፣ በዚህ አካሄድ መቶ አሥሩ አይሞላም አለኝ። ማን እንዳስቆመው ስጠይቀው ማሳል ጀመረ። ሳሉ ረዘመብኝ።

አባዬ፣ እርስዎ ነዎት?

ልጅዎ የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም

እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ቀሪውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው። ዛሬ ማርያም ናት። ሁላችንም የምናከብራት ስለሆነች ያለ ጠብ ተቀምጠናል፤ እኔም ጊዜ አገኘሁ። ባለፈው ሳልነግርሽ በመቅረቴ ቅር አይበልሽ። ነገሩ ገና ትኩስ ነበር፤ ትኩስ ነገር ደግሞ በወረቀት አይያዝም።

ጥቅምት አምስት የአቦ የዓመቱ ክብረ በዓል መሆኑን ታውቂያለሽ። እኛ ደብር በዚያ ቀን እርፍ የጨበጠ፣ እንዝርት ያሾረ የለም። እኔ ሥራ ገና መጀመሬ ስለነበር አገር ቤት ልሂድ ብዬ ሰው ማስፈቀድ ከበደኝ። ልብሴን ቀይሬ ከቦታዬ ተቀመጥኩ። ጌታሰው ከግራዬ ሆኖ ይመታል። እያንዳንዱ ምት ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚያርፈው። እስከ አራት ሰዓት ቻልኩ።

"ጌታሰው፣ ዛሬ አቦ ነው" አልኩት።

"አያ፣ አቦ የእርስዎ ደብር ነው። የእኔ ሥላሴ ናት፤ ከነገ ወዲያ ትውላለች" አለኝ። እጁን እንኳ አላቆመም።

ተነሣሁና ከዘራዬን ከእሱ ድር ላይ አጋደምኩት። የሽማግሌ ከዘራ ካረፈበት ቦታ ማንም ደፍሮ እንደማያነሣ እሱም ያውቃል። መወርወሪያውን አስቀመጠና ሳይሠራ ዋለ። የቀሩትም እሱን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ቀን፣ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ሥላሴ ሆነች። ጠዋት ስመጣ የጌታሰው ነጠላ ተጣጥፎ ከእኔ ድር ላይ ተቀምጧል። እሱ ከጎኑ እጁን አጣምሮ፣ "አያ፣ ዛሬ ሥላሴ ናት" አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ የገብርኤል ሰዎች ተነሡ። አቦና ሥላሴ ከተከበሩ ገብርኤል በምን ያንሳል አሉ። እውነታቸውን ነው። ጊዮርጊስ ያለው አለ፣ መድኃኔዓለም ያለው አለ፣ ኪዳነምሕረት ያለው አለ፣ ተክለ ሃይማኖት ያለው አለ። አሥራ አራት ሸማኔ ሰባት ደብር ነን።

የሒሳብ አስተማሪ አንቺ ነሽ፤ ቁጠሪው። ደመላሽ የኅዳርን ቀን በጠመኔ በሩ ላይ ጻፈው። ቅዳሜና እሑድ ሲነሣ፣ ሚካኤል ሲነሣ፣ የሰባቱም ደብር ሲነሣ ለሥራ የሚተርፈው አሥራ አራት ቀን ነው። ሰው ሁሉ የራሱን ደብር ብቻ ቢያከብር አሥራ ዘጠኝ ይሆን ነበር። አምስት ቀን ማለት ለአንድ ሰው አንድ ጋቢ ነው። ለአሥራ አራታችን ደግሞ አሥራ አራት ጋቢ ቀረ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በየቀኑ ስገባና ስወጣ አየዋለሁ፤ ደመላሽ ሆን ብሎ አያጠፋውም።

ቤቴ ብሆን ይህ ሁሉ አይኖርም። እዚያ በደብሬ ቀን አገሩ ሁሉ አብሮኝ ያርፋል፤ በሌላው ደብር ቀን ደግሞ የእኔን ድምፅ የሚሰማ ሰው የለም። እነዚህ ሰዎች ክሩን፣ አናጢውንና ነጋዴዋን አንድ ላይ ሰበሰቡ። ታቦቱን ሁሉ አብረው እንደ ሰበሰቡ ግን ማንም አላሰበም።

ሌላም አለ። ክሩ ተበላሽቷል። ሁለት ሳምንት ሆነው ድሬ እየተበጣጠሰ አስቸገረኝ። ርካሽ ክር አመጣህብን ብዬ ደመላሽን ተቆጣሁት። እሱም ማሳል ጀመረ።

አባትሽ እንዳላማው ፈንታ


ቁይ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ

ደህንነትዎን እየተመኘሁ እጽፋለሁ። የምጽፈውን ግን አይወዱትም፤ ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በስልክ ብነግርዎት ይዘጉብኝ ነበር።

ክሩ አልተበላሸም። መልሼ ለደመላሽ ደውዬ አጥብቄ ጠየቅኩት። ከገባችሁበት ሳምንት ጀምሮ ጌታሰው ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣ ነበር። ማታ የተበጠሰውንና እርስዎ ሳያዩት ያለፉትን ክር ይቀጥልና ወደ ቦታው ይመለሳል። ለእርስዎ እንዳይነግርም ደመላሽን አስምሎታል። ከዘራዎ ድሩ ላይ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ግን ማልዶ መምጣቱን ተወ። ሁለት ሳምንት ያሉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ነው።

አባዬ፣ ወደ ማርቆስ እንዲሄዱ የለመንኩዎት ብቸኝነትዎ አሳስቦኝ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት የሠሩት ሦስት ጋቢ ነው፤ ከሦስቱም ሁለቱ መሐላቸው ሳስቶ ተመልሰዋል። ገዢዎቹ የሮብ ገበያ ሰዎች ናቸውና ከእኔም ጆሮ ገባ። ለእርስዎ ያልነገርኩት እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፤ እርስዎም ያልነገሩኝ እንዲሁ ይሆናል። "ለእኔ ያው ነው" ብለው ጽፈውልኛል። ያው አይደለም። ቤትዎ ቢመለሱ የተበጠሰውን ክር የሚያይ ዓይን ማን አለ? ሼዱ የተዘጋ ዕለት የእርስዎም ሽመና ያበቃል።

ቁጣዎን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዓይኔ ደህና ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ጌታሰው ክሬን ነክቶ ከሆነ ያዘዘው የለም። የፊታችን ሐሙስ አቦ ነው። ወደ ደብሬ እሄዳለሁ፤ በዚያው ቤቴ እቀራለሁ። ልብሴን ጠቅልያለሁ። ወደዚህ አድራሻ አትጻፊ።

እንዳላማው ፈንታ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም

ከላይ ደብረ ማርቆስ የሚለውን አይተሽ ስቀሽ ይሆናል። ሳቂ፤ ይገባሻል። ያለፈው ደብዳቤዬ ሰላምታ አልነበረውም። ሳልጽፍልሽ የቀረሁትን ሰላምታ ከዚህኛው ጋር ደርበሽ ተቀበይኝ።

ሐሙስ ቅዳሴ ደረስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሳለ አባ አካለ ወልድ ስለ ከተማው ጠየቁኝ። የአቦን ቀን እንዴት እንዳስከበርኩ ነገርኳቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ "እንዳላማው፣ አቦን ያከበርከው ራስህ ተቀምጠህ ነው ወይስ ሰው አስቀምጠህ?" አሉኝ። ወደ ሌላው ሰው ዞረው ስለ ጤፉ አጨዳ መጠየቅ ጀመሩ።

ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ጣራው ደህና ነው፤ ምስጥ አልገባም። ስለ ሽመና ዕቃው አትጠይቂኝ። ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ እሱ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የምነግርሽ ይህን ብቻ ነው።

ሰኞ በጠዋቱ መኪና ተመለስኩ። ቦታዬን ለሌላ ሰጥተውት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንዳለ አገኘሁት። ደመላሽ የት ከረሙ እንኳ አላለኝም። ለምሳ ሲነሡ ሁሉም ባሉበት ቆሜ ተናገርኩ። የተናገርኩትን ከሌላ ሰው ሳትሰሚው እኔው ልጻፍልሽ። "ከዘራ ማጋደም የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ። ሼዱ ታቦት የለውም። የደብሩ ቀን የሆነበት ሰው ወደ ደብሩ ይሂድ፣ ካልቻለም ቤቱ ይረፍ፤ የቀረው ይሥራ። የጎረቤቱ ድምፅ የከበደው ጆሮውን ይዞ ይውጣ" አልኩ።

አንዱ የገብርኤል ሰው፣ "አያ፣ የእኛ ቀን ሲቃረብ ነው የታየዎት?" አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደመላሽ ጠመኔውን አንሥቶ አሥራ አራቱን ሰርዞ አሥራ ዘጠኝ ጻፈ። ከወሩ ስምንት ቀን አልፏል፤ አሥራ ዘጠኝ የሚባል እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ወደ ምሳችን ሄድን።

የቀረው የጌታሰው ነገር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋሉ እንባባላለን እንጂ ሌላ ቃል የለንም። ዛሬ ጠዋት ድሬ አጠገብ ተቀምጬ ጣቴን ሳስኬድ ብዙ ቦታ ተበጥሷል። ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም።

"ጌታሰው፣ ና እስቲ ይህን እየው" አልኩት። እየው አልኩት እንጂ ቀጥልልኝ አላልኩትም።

መጣ። ተንበርክኮ አሥራ አንድ ክር ቀጠለ፤ ሲቀጥል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር፣ ይህንን ያደረገው ለመበቀል ነው። ሲጨርስ እጁን አራግፎ፣ "አያ፣ ከእንግዲህ ሲበጠስ ይጥሩኝ። ጎህ ሳይቀድ እየተደበቅሁ መምጣቱ ሰልችቶኝ ነበር፤ ባለቤቴም ሌላ ጥርጣሬ ገብቷት ነበር" አለኝ።

የኔአለም፣ ዓይኔ ደህና ነው ብዬሽ ነበር። ከዓምና ጀምሮ ደህና አይደለም። የሩቁን አያለሁ፤ ቀጭን ነገር ከአፍንጫዬ ሥር ጠፋብኝ። ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ መስመሩን በግራ እጄ ጣት ይዤ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረጂ። ሐኪም ቤት እንዳትይኝ፤ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገርበታለን።

ነገ ሚካኤል ነው፤ የሁላችን ነው።

አባትሽ እንዳላማው ፈንታ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔአለም

ከነቤተሰብሽ እንዴት አላችሁ? የላክሽልኝ ካልሲ ደርሶኛል። ስለ ሐኪሙ የጻፍሽውንም አንብቤያለሁ፤ ከጥምቀት ማግስት ነይና ውሰጂኝ። እስከዚያ ደግመሽ አታንሺብኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። መቶ አሥሩ አልሞላም። መቶ አራት ሆነ። ኅዳር ሠላሳ ቀን ነጋዴዋ መጣች። ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ዘርግታ አየች፤ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን እንደ ተማሪ ቆመን ነበር። ስድስት ይጎድላል አለች። ደመላሽ ሊያስረዳት ሲጀምር እኔ አቋረጥኩትና፣ "ያጎደልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ምን ለማለት እንደ ፈለግሁ አልገባትም። የጌታሰውን ጋቢ ጠርዝ በጣቷ እየሳበች፣ ይህ ሰው ባለፈው እንዲህ አልነበረም አለች። ሁለት ወር ሙሉ ጠርዝ እንዴት እንደሚያዝ ከጎኔ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል፤ ሳልጠየቅ አስተማርኩት ማለት ነው። እኔም ማጉን ሳልዘልለው በፍጥነት መወርወርን ከእሱ ለመድኩ። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

ሴትዮዋ ያለውን ተረክባ ሄደች። ለፋሲካ ደግሞ ሌላ አዘዘች። ሼዱ ጸንቶልናል፤ ወረቀቱን ደመላሽ በር ላይ ለጥፎታል፣ ቀኑ በጠመኔ ከተጻፈበት ቦታ ላይ።

እዚያ መኖሩ ለመደህ ወይ ላልሽው፣ ጫጫታውን አልለመድኩም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በአገር ቤት ሠርግ ላይ "ሸማኔው መጣ" ብለው ቦታ ሲለቁልኝ ለክብር ይሁን ለመጸየፍ ሰባ ዓመት ሙሉ አልለየሁትም። እዚህ ሁሉም ሸማኔ ነው። ማንም ለማንም እንደዚያ ብሎ ቦታ አይለቅም። ይህንን ደመላሽ በጠመኔ ሊጽፈው አይችልም፤ ግን ሥራዬን ሳያፈጥነው አልቀረም።

በዚህ የሥራ ቀን እንዴት ለመጻፍ ጊዜ አገኘ ብለሽ እንዳትገረሚ። ጌታሰው ዛሬ ደምበጫ ሄዷል፤ ደብሩ ነው። ሌሎቹ እየሠሩ ነው፣ ጆሮዬን እያደነቆሩት። እኔም ጠዋት ጀምሬ ነበር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አራት ክር ተበጠሰ፤ አራት የምልሽ በቀኜ ያለው ሰው ቆጥሮልኝ ነው። ልቀጥልልዎ ወይ አለኝ። ተው አልኩት። የእሱ ቋጠሮ ሻካራ ነው፤ የጌታሰው ግን በጣት ሲዳስሱት አይታወቅም። መወርወሪያዬን አስቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ደመላሽ ሲዞር አየኝ።

"አያ እንዳላማው፣ እርስዎ የአቦ ሰው አይደሉም እንዴ? ዛሬ ምን ሆነው ነው የተቀመጡት?" አለኝ።

"ሥላሴ ናት" አልኩት።

አባትሽ እንዳላማው ፈንታ